ድዳችሁ ሲደማ ብሩሹን አታስቀምጡት፦ የድድ በሽታን ቤትም ሀኪም ጋም መቆጣጠር

ጥርሳችሁን ቦርሻችሁ ስትተፉ ምራቃችሁ ሮዝ ከሆነ ወይ ነጩ ብሩሽ ላይ ደም ካያችሁ ድዳችሁ ተቆጥቷል ማለት ነው። ብዙ ሰው "ብሩሹ ወግቶኝ ነው" ብሎ ያልፈዋል፣ ሌላው ደሞ የሚደማውን ቦታ እየዘለለ ሌላ ሌላውን ይቦርሻል። እኔም ሁለት አመት ሙሉ ያረኩት ይሄንኑ ነው፣ የቆሰለ ነገር አይነካካም ብዬ የታችኛውን የቀኝ መንጋጋዬን ጥግ በስሱ ዳበስ አድርጌ ነበር ማልፈው። በመጨረሻ ሀኪም ጋ ስሄድ እዛው ቦታ ላይ በድዱና በጥርሱ መሀል 6 ሚሊሜትር ጉድጓድ ተገኘ። አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም ነበር! ስለዚ ከዚ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙልኝ፣ የሚደማው ቦታ ከሌላው በላይ መጽዳት ያለበት ቦታ ነው፣ በቀስታ ግን ሳይዘለል።

መጀመሪያ ነገርየው ምንድነው

ጥርስ ላይ ሁሌ ባክቴሪያ የሞላበት የሚያጣብቅ ስስ ሽፋን ይሰራል፣ ፕላክ ይሉታል፣ ድዱ ጠርዝ ጋ ጥርሳችሁን በጥፍር ብትፍቁት ነጣ ያለ ለስላሳ ነገር ይዞ ይወጣል እሱ ነው። ካጸዳችሁት በኋላ በሰአታት ውስጥ ተመልሶ መስራት ይጀምራል። ካልተነሳ ምራቅ ውስጥ ያሉት ማዕድናት እየገቡበት በቀናት ውስጥ ይጠነክራል፣ ያኔ ታርታር ይባላል፣ ታርታርን ደሞ የትኛውም ብሩሽ የትኛውም የጥርስ ሳሙና አያነሳውም። ፕላክ ድዱ ጠርዝ ላይ ሲከማች ሰውነት ሊከላከል ደም ወደዛ ይልካል፣ ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ለዛ ነው በትንሽ ንክኪ ሚደማው።

በፈረንጆቹ 1965 ሃራልድ ሎ የሚባል ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ዴንማርክ ውስጥ 12 ጤነኛ ድድ ያላቸው ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አድርጎ ነበር። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ከዛ ማጽዳት ሲጀምሩ በሳምንት ገደማ ወደ ጤናው ተመለሰ። እኔ ይሄን ሳነብ ነው ተስፋ የያዝኩት፣ ምክንያቱም መጀመሪያው ደረጃ ላይ ከደረሳችሁበት ነገሩ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል።

ይሄ መጀመሪያው ደረጃ ጂንጂቫይተስ ይባላል፣ ድዱ ብቻ ነው የታመመው። ዝም ከተባለ አንዳንዱ ሰው ላይ ወደ ፔሪዮዶንታይተስ ያልፋል፣ ድዱ ከጥርሱ ይለያይና መሀላቸው ኪስ ይፈጠራል፣ ባክቴሪያው ብሩሽ የማይደርስበት ቦታ ይገባል፣ ጥርሱን የያዘው አጥንት እየቀነሰ ይሄዳል። የሄደ አጥንት በራሱ ጊዜ ተመልሶ አይመጣም። ግን ማስቆም ይቻላል፣ ብዙ ሰው በሽታውን አስቁሞ ጥርሶቹን ይዞ ይኖራል።

1. መስታወት ፊት ቁሙ

የስልካችሁን መብራት አብሩና ከንፈራችሁን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። በሁለት ጥርስ መሀል ያለችው የድድ ጫፍ ሹል ሆና ጥርሱ ላይ ከተለጠፈች ጥሩ ነው፣ አብጣ ክብ ከሆነችና ከአጠገቧ ካለው ድድ በላይ ከቀላች (ጠቆር ባለ ድድ ላይ ቅላቱ ላይታይ ይችላል፣ ያኔ እብጠቱንና ማብረቅረቁን እዩ) እዛ ቦታ ላይ ስራ አለ። ቀጥሎ ምላሳችሁን የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ ላይ አሂዱት። ሻካራ ድንጋይ ነገር ከነካችሁ ታርታር ነው፣ እዛ ቦታ የምራቅ ቱቦ ስላለ ቶሎ ይጋገራል። ከዛ ጥርሶቻችሁ ከድሮው የረዘሙ መሰላችሁ? ድዱ ሸሽቶ ሊሆን ይችላል። ድዱን በጣት ጫን ስትሉት መግል ከወጣ፣ ጥርስ ከተነቃነቀ ወይ ቦታውን ከለቀቀ፣ ካጸዳችሁም በኋላ ማይለቅ የአፍ ጠረን ካለ፣ ነገሩ ድዱን አልፎ ሊሆን ስለሚችል ቤት ውስጥ ብቻ አትሞክሩት።

ሲጋራ ለምታጨሱ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሲጋራ የድድ ደም ስሮችን ስለሚያጠብ ድዳችሁ ላይደማ ይችላል፣ በሽታው ግን ከሌላው ሰው በፈጠነ ሁኔታ አጥንቱን እየበላ ይሆናል። ስላልደማ ደህና ነኝ አትበሉ፣ ተመርመሩ።

2. ቀጠሮ እማይጠበቅባቸው ነገሮች

ፊት ወይ አንገት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ መዋጥ ወይ አፍ መክፈት ወይ መተንፈስ ካስቸገረ በዛው ቀን ሆስፒታል ሂዱ፣ ነገ አትበሉ። ድዱ በጣም እያመመ ጫፉ የተበላ መስሎ ግራጫ ነገር ከሸፈነውና ጠረኑ ከከፋ እሱም ቶሎ መታየት ያለበት ነው፣ ተራ የድድ መቆጣት እንደዛ አያምም። ድድ እየደማ ሰውነት ላይም ያለምክንያት የሚበልዝ ነገር ካለ ወይ ከባድ ድካም ካለ ደሞ የጥርስ ብቻ ሳይሆን የደም ምርመራም ያስፈልጋል። የግፊት መድሃኒት (አምሎዲፒን፣ ኒፌዲፒን)፣ የሚጥል በሽታ መድሃኒት ፌኒቶይን ወይ የሰውነት መከላከያን ሚቀንሰውን ሳይክሎስፖሪን ምትወስዱና ድዳችሁ እያደገ ጥርሱን እየሸፈነ ከሆነ መድሃኒቱ ሊሆን ይችላል፣ በራሳችሁ ግን አታቋርጡት፣ ያዘዘላችሁን ሀኪም አናግሩ።

3. አቦራረሹን ከስሩ ቀይሩ

ለስላሳ ብሩሽ ያዙ፣ ጭንቅላቱ አነስ ያለ ቢሆን ኋላ ድረስ ይገባል። ጠንካራ ብሩሽ የተሻለ ያጸዳል ሚባለው ልክ አይደለም፣ ድድ ያሸሻል ጥርስ ይፈቃል። ሳሙናው ፍሎራይድ ያለበት ይሁን፣ ለአዋቂ ከ1350 እስከ 1500 ፒፒኤም ጥሩ ነው፣ ቱቦው ጀርባ ላይ ይጻፋል።

አሁን ዋናው ነገር። ብሩሹን ጥርሱ ላይ ሳይሆን ጥርሱና ድዱ የሚገናኙበት መስመር ላይ አሳርፉት፣ ጸጉሩ ወደ ድዱ 45 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ። የታችኛውን ስትቦርሹ ወደታች፣ የላይኛውን ስትቦርሹ ወደላይ ያዘነብላል ማለት ነው። ከዛ ባላችሁበት ቦታ ላይ በጣም አጠር ባለ እንቅስቃሴ ንዘሩት፣ አስር ጊዜ ያህል፣ ከዛ ወደሚቀጥሉት ሁለት ጥርሶች እለፉ። መጋዝ እንደሚገዘግዝ ሰው ከጥግ ጥግ አታመላልሱት። ብሩሹን በሙሉ እጅ ከመጨበጥ እንደ እስክሪብቶ በጣት ጫፍ ብትይዙት ጫና ማብዛት አትችሉም፣ እኔን ያስተካከለኝ ይሄ ነው።

ቅደም ተከተል ይኑራችሁ። እኔ ከታች ቀኝ ኋላ፣ በምላስ በኩል፣ እጀምራለሁ፣ ምክንያቱም ሁሌ ሚረሳውና ሁሌ ሚደማው እሱ ስለሆነ ጉልበት እያለኝ ልጨርሰው ብዬ ነው። ከዛ ውስጡን በሙሉ ዞሬ ውጪውን፣ በመጨረሻ የሚያላምጡበትን ገጽ። የፊት ጥርስ ጀርባ ላይ ብሩሹን አቁሙትና በጫፉ ቦርሹ። ሁሉም ተደምሮ ቢያንስ 2 ደቂቃ፣ በቀን 2 ጊዜ። የማታው በምንም ምክንያት አይቀርም፣ ማታ ምራቅ ስለሚቀንስ ባክቴሪያው እንደልቡ ነው። ስትጨርሱ ትፉት እንጂ በውሃ አትጉመጥመጡ፣ ፍሎራይዱ ይቆይ። የኤሌክትሪክ ብሩሽ ካላችሁ ጥሩ ነው፣ ግን እናንተ አትፈትጉ፣ መስመሩ ላይ ያዙትና እሱ ይስራ።

የብሩሹ ጸጉር በአንድ ወር ውስጥ ከተንጨፈረረ እየጫናችሁ ነው። ባይንጨፈረርም በ3 ወር ቀይሩት።

4. በጥርስ መሀል (ይሄን ሳታደርጉ ሌላው ሁሉ ግማሽ ነው)

ብሩሽ በጥርስ መሀል አይገባም፣ የድድ በሽታ ደሞ ብዙ ጊዜ ሚጀምረው እዛ ነው። ስለዚ በቀን አንድ ጊዜ መሀሉን አጽዱ፣ ማታ ከመቦረሽ በፊት ቢሆን ይሻላል፣ ምክንያቱም በኋላ ሚባለው ነገር እንቅልፍ ሲመጣ ይቀራል።

ክፍተት ያለው ቦታ ላይ ኢንተርደንታል ብሩሽ ከጥርስ ማጽጃ ክር በላይ ይሰራል። ትንሽዬ የጠርሙስ ማጠቢያ ምትመስል ናት፣ በተለያየ መጠን ትመጣለች፣ ከ0.4 ሚሊሜትር አካባቢ ጀምሮ። ሳትገፋ ምትገባውን ትልቋን ምረጡ፣ ጸጉሯ ሁለቱን ጥርስ መንካት አለበት፣ ሽቦው ግን ጥርስ መፋቅ የለበትም። ያንድ ሰው አፍ ሁለት ሶስት መጠን ሊፈልግ ይችላል፣ ሀኪማችሁ ለክቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። አገባቧ በቀጥታ ነው፣ ኋላ ጥርስ ላይ ሽቦዋን ትንሽ አጠፍ አድርጉና አፋችሁን ግማሽ ዝጉ፣ በጣም ስትከፍቱ ጉንጭ ይወጠርና አላስገባ ይላል። ሁለት ሶስት ጊዜ ወጣ ገባ፣ በውሃ አለቅለቅ፣ ቀጣዩ። ሳሙና አያስፈልግም።

ጥርሶቹ የተጠጋጉበት ቦታ ላይ ክር ነው፣ ፍሎስ። 40 ወይ 45 ሳንቲሜትር ቁረጡ፣ አብዛኛውን በሁለቱ መሀል ጣቶች ላይ ጠቅልሉና በመሀላቸው ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ወጥራችሁ ያዙ። በኃይል ቀጭ አድርጋችሁ አታስገቡት ድዱን ይቆርጠዋል፣ እያወዛወዛችሁ አሳልፉት። ከገባ በኋላ አንዱን ጥርስ እቅፍ አድርጎ እንዲይዝ አጥፉት፣ ከድዱ ጠርዝ ትንሽ ዝቅ እስኪል ውረዱ፣ ወደላይ ወደታች ፈትጉ፣ ከዛ እዛው ክፍተት ውስጥ ሌላኛውን ጥርስ። አንድ ክፍተት ሁለት ግድግዳ አለው፣ ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ነክቶ ይወጣል።

መጀመሪያ ቀን ብሩሿን ከመንጋጋዬ መሀል ሳወጣት ደም ብቻ አልነበረም ይዛ የወጣችው፣ አሸተትኳት፣ ያ ጠረን ሰው ሲያናግረኝ አፌን እሸፍንበት የነበረው ጠረን ነው። በ4ኛው ቀን ደሙ ቀነሰ። በ10ኛው ቀን ከሁለት ቦታ በስተቀር ንጹህ ሆና መውጣት ጀመረች። እነዛ ሁለት ቦታዎች ናቸው ድዱ ስር ታርታር የተገኘባቸው። ስለዚ ማታ ማታ ብሩሿን እዩዋት፣ የትኛው ክፍተት ላይ እንደምትቀላ ጻፉ። ሁለት ሳምንት በደንብ አጽድታችሁ አሁንም እሚደማ ቦታ ካለ እዛ ውስጥ እናንተ ማትደርሱበት ነገር አለ፣ ለሀኪሙ ወረቀቱን አሳዩት።

ስቴኪኒ የገባ ምግብ ለማውጣት እንጂ ፕላክ ለማጽዳት አይሆንም፣ ድድ ላይ እየተገፋ ይጎዳል።

5. ማጉመጥመጫ

በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ መጉመጥመጥ ያበጠ ድድ ያስታግሳል፣ ፕላኩን ግን አይነቅልም። ጠንከር ያለው ክሎርሄክሲዲን ነው። ሀኪም ሲያዝላችሁ ተጉመጥመጡበት፣ አብዛኛውን ጊዜ 0.2 ፐርሰንቱ 10 ሚሊ ለ1 ደቂቃ፣ 0.12 ፐርሰንቱ ደሞ 15 ሚሊ ለ30 ሰከንድ፣ በቀን 2 ጊዜ ነው። ጥርስ ከቦረሻችሁ በኋላ ግማሽ ሰአት ያህል ጠብቁ፣ ሳሙናው ውስጥ ያለው አረፋ ሰሪ ነገር ጉልበቱን ይቀንሰዋል። ከሁለት ሳምንት በላይ ዝም ብላችሁ አትቀጥሉበት፣ ጥርስና ምላስ ቡናማ ያረጋል፣ ጣዕም ያዛባል።

አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ያቃጥላል፣ ቁስል ይሰራል። ሎሚ ጥርሱን ይበላዋል። የከሰል ዱቄትም ይፍቃል እንጂ ድድ አያድንም። እነዚን ተዉአቸው እባካችሁ።

6. ሀኪም ጋ ምን እንደሚደረግ

ብዙ ሰው ሚፈራው ስለማያውቀው ነው ብዬ ስለማስብ ዘርዘር ላርገው። መጀመሪያ ሚሊሜትር በተሰመረባት ቀጭን ብረት እያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያውን 6 ቦታ ላይ ይለካል። ከ1 እስከ 3 ጤነኛ ነው፣ 4 እና 5 ኪስ መፈጠሩን ያሳያል፣ 6 እና ከዛ በላይ ጥልቅ ነው። ቁጥሩን ሲናገሩ ትሰማላችሁ፣ ቅጂ ጠይቁ። ኤክስሬይ ይነሳል አጥንቱ የት ድረስ እንደወረደ ለማየት። የደም ማቅጠኛ ምትወስዱ ከሆነ፣ አርቴፊሻል የልብ ቫልቭ ካላችሁ፣ ስኳር ካለባችሁ ወይ እርጉዝ ከሆናችሁ ብረቱ አፋችሁ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ተናገሩ። የደም ማቅጠኛውን ግን በራሳችሁ አታቁሙ።

ድዱ ብቻ ከሆነ የታመመው ተራ እጥበት ይበቃል። ኪስ ካለ ጥልቅ እጥበት ነው፣ በማደንዘዣ ከድዱ ስር ገብተው የጥርሱ ስር ላይ የተጋገረውን በሚንቀጠቀጥ መሳሪያና በእጅ ብረት ያነሳሉ፣ ብዙ ጊዜ በሁለትና ከዛ በላይ ቀጠሮ ተከፋፍሎ ይሰራል። ማደንዘዣው እስኪለቅ አትብሉ፣ ጉንጫችሁን ትነክሳላችሁ። አንድ ሁለት ቀን ያማል፣ ቀዝቃዛ ነገር ደሞ ለሳምንታት ሊያነዝር ይችላል፣ ለሚያነዝር ጥርስ የተሰራ ሳሙና ፖታሲየም ናይትሬት ያለበት ይረዳል።

"ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል፣ ያሳሳል" ሚባለውን እኔም አምኜው ነበር ያዘገየኝ። እውነታው እንዲ ነው፣ ታርታሩ ክፍተቱን ሞልቶት ነበር፣ ያበጠው ድድም ሸፍኖት ነበር። ድንጋዩ ሲነሳና እብጠቱ ሲወርድ በሽታው ቀድሞ የፈጠረው ክፍተት ይታያል። ጥርስ የተነቃነቀውም አጥንቱ ስለቀነሰ ነው፣ ድንጋዩ እንደ ስሚንቶ ይዞት ሊሆን ይችላል ግን የያዘው እያጠፋው ነው። ድዱ ሲጠነክር እንደውም ቀላል መነቃነቅ ብዙ ጊዜ ይቀንሳል።

አንቲባዮቲክ ዋጥ አድርጎ መገላገል አይቻልም ወይ ሚል ጥያቄ ሁሌ ይነሳል። አይቻልም። ባክቴሪያው በሽፋኑና በድንጋዩ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚኖር መድሃኒቱ ብቻውን አያጠፋውም፣ ለጊዜው ጋብ ብሎ ይመለሳል። ሀኪሙ ለተወሰነ ችግር ካዘዘ እሺ፣ ያኔም ከእጥበቱ ጋር ነው፣ ሜትሮኒዳዞል ከሆነ ደሞ መጠጥ ክልክል።

ከጥልቅ እጥበት በኋላ በ3 ወር አካባቢ ድጋሚ ይለካል። ይሄ ቀጠሮ እንዳያመልጣችሁ፣ የተሰራው ስራ መያዙ የሚታወቀው እዚ ነው። 6 እና በላይ ሆኖ የቀረና የሚደማ ኪስ ካለ ድዱን ገለጥ አድርጎ ማጽዳት፣ ቀላል ኦፕሬሽን፣ ሊነሳ ይችላል።

7. ከዛ በኋላ

ፔሪዮዶንታይተስ አንዴ ካለባችሁ እንደ ግፊትና ስኳር ክትትል ሚፈልግ ነገር ነው። በ6 ወር ሳይሆን ብዙ ጊዜ በየ3 ወይ 4 ወሩ መታየትና መጽዳት ያስፈልጋል፣ የእናንተን ልክ ሀኪማችሁ ይወስናል።

ሲጋራ ማቆም ከሁሉም በላይ ለውጥ ያመጣል፣ የሚያጨስ ሰው ላይ እጥበቱም ኦፕሬሽኑም ደከም ያለ ውጤት ነው ሚሰጠው። ስኳር ያለባችሁ ደሞ ነገሩ በሁለቱም በኩል ይሰራል፣ ያልተስተካከለ ስኳር የድዱን በሽታ ያባብሳል፣ የታመመ ድድ ስኳሩን ያስቸግራል፣ ድዱ ሲታከም የ3 ወሩ የስኳር ልኬት በመጠኑ ሊወርድ ይችላል። ስለዚ ሁለቱ ሀኪሞቻችሁ አንዱ የሌላውን ስራ ይወቅ። ለእርጉዞች፣ በሆርሞን ምክንያት ድዱ በትንሽ ፕላክ ያብጣል፣ ሀኪም ጋ መታጠብ ይቻላል፣ መካከለኛዎቹ ሶስት ወራት ደሞ ይበልጥ ይመቻሉ። ካስታወካችሁ ወዲያው አትቦርሹ፣ በውሃ ተጉመጥመጡና ግማሽ ሰአት ቆዩ። ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የተተከለ ጥርስ) ያለውም ሰው ጥርሱ ሰው ሰራሽ ነው ብሎ አይዘናጋ፣ ዙሪያው ያለው ድድና አጥንት በዚሁ በሽታ ይጠቃል።

ቁጥሮቹን አንድ ወረቀት ላይ ከነቀኑ ያዙ። የኔ 6 የነበረችው ቦታ በ3 ወሯ 4 ሆነች፣ ስትነካም አልደማችም፣ 4 ሆና ካልደማች ተረጋግታለች አለኝ ሀኪሙ። ቀጣዩ ልኬት ላይ 5 ካላችሁ ወይ ደም ካየ የትኛው ጥርስ፣ በየትኛው ጎን እንደሆነ ጠይቁትና ማታውኑ እዛ ክፍተት ላይ ጀምሩ።